የበዓል ጠያቂዎች

የሸዋ ሮቢት ልጅ ነኝ ስል ሰው ወዲያው «ስንት ዓመት ተፈርዶብህ ነው?» ይለኛል። ቀልዱ ሻግቷል፤ ቢሆንም እስቃለሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የጣርማ በር ቁልቁለት ሲያልቅ በይፋት ቆላ የምትገኘው ከተማችን በሀገር ዘንድ ስሟ የሚነሣው በማረሚያ ቤቷ ነው። ሽንኩርቷንና ማሾዋን ነጋዴ ያውቀዋል። ማንጎዋንና ፓፓያዋን መንገደኛ ከመኪና ሳይወርድ በመስኮት ይገዛል። ከዚያ ወዲያ ስለ እሷ የሚያወጋ ብዙ ሰው የለም።

ለእኔ ማረሚያ ቤቱ ማለት የበዓል ዋዜማ ነው። ገና ወይም ፋሲካ ሲቃረብ ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውቶቡስ መልኩ ይለወጣል። የሚወርዱት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ እናቶች፣ ሚስቶች፣ እኅቶች። አንዷ በነጠላ የተቋጠረ ድፎ ዳቦ አቅፋለች፤ ሌላዋ ክዳኑን በገመድ የጠፈረችውን ድስት በሁለት እጇ ይዛ ትወርዳለች። ድስቱ ውስጥ ያለው ዶሮ ወጥ ነው። ተሸካሚዋ ጾመኛ ናት፤ ጨው ይብዛበት ይነሰው እንኳ ሳትቀምሰው የሠራችው ነው። በሚያዝያ የይፋት ሙቀት ድስቱ እስከ ነገ እንደማይቆይላት የምታውቀው ደግሞ መናኸሪያው ላይ ወርዳ ወላፈኑ ፊቷን ሲመታት ነው።

የአያቴ ቤት ከመናኸሪያው ብዙ አይርቅም ነበር። እንዴት እንደ ተጀመረ የሚያስታውስ የለም፤ እኔ ነፍስ ሳውቅ ግን የጠያቂ ማረፊያ ሆኗል። መጀመሪያ የሚመጡት እሳት ፍለጋ ነበር፤ ወጡን እንደገና ለማንተክተክ። አያቴ ድስቱን ተቀብላ ምድጃ ላይ ትጥደዋለች፤ ሴትዮዋን በርጩማ ላይ ታስቀምጣታለች፤ ለእኔ «ውኃ!» ትላለች። ሳፋው ይቀርባል። እኔ አፈሳለሁ፣ እሷ ተንበርክካ የሴትዮዋን እግር ታሻለች። ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ውስጥ የታጠፈ እግር ምን ያህል እንደሚያብጥ ያወቅሁት ያኔ ነው። ስትጨርስ ጎንበስ ብላ እግሩን ትስመዋለች፤ የድሮ የእንግዳ አቀባበል ነው። ብዙዎቹ በዚህ ጊዜ ያለቅሱ ነበር። እኔ ደስ ብሏቸው ይመስለኝ ነበር።

በቤቷ አንድ የማይሻር ሕግ ነበረ፤ እንግዳ እቃ አያነሣም። ሲኒ ላጥብ ያለች ትገሠጻለች፤ ሽንኩርት ልክተፍ ያለች «ምነው ቤቴ ሰው የለውም?» ትባላለች። ሽንኩርት በሚታፈስበት አገር አንዲት ኪሎ ሽንኩርት ገዝታ የመጣች አንዲት እናት ሽንኩርቷን ይዛ እንድትመለስ ተደርጋለች። የሰፈሩ ሰው «የአብርሃም ቤት» ይለው ነበር። አያቴ ስሙን ስትሰማ አፏን በነጠላዋ ሸፈን ታደርጋለች፤ ከነጠላው ሥር ግን ፈገግ እንደምትል እኔ ከጎን ሆኜ አያለሁ። ገና በመጣ ቁጥር ደግሞ የምትላት ነገር ነበረቻት። ቄሱ ዮሴፍና ማርያም ማደሪያ አጥተው በበረት እንዳደሩ አስተምረው ሲጨርሱ፣ ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ «ወይ ቤተ ልሔም! ሸዋ ሮቢት ቢሆን ኖሮ እኔ ቤት ባደረች» ትላለች። በእውነትም ታደርገው ነበር፤ አልጠራጠርም።

ከሰው ቤት ግን አትቀበልም። ጎረቤት ሳህን ልኮላት ከሆነ ሳህኑ እጥፍ ተሞልቶ ሳይውል ሳያድር ይመለሳል። «ባለ ዕዳ ሆኜ መሞት አልፈልግም» ማለት ትወዳለች። የሚያሸንፏት የሐጂ ቤቶች ብቻ ነበሩ። ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቶች ነን። እኛ ስናርድ የእኛን ሥጋ አይበሉም፣ እነሱ ሲያርዱ የእነሱን አንበላም፤ ስለዚህ አያቴ ለፋሲካ አንድ የቁም ዶሮ እግሩን አስራ ትልክላቸዋለች፣ በራሳቸው ቢስሚላሂ አርደው በልተው «እንኳን አደረሳችሁ» ይላሉ። ለኢድ ከእነሱ ቤት ቴምርና ሙሸበክ ይመጣል። አያቴ ሳህኑን ሞልታ ልትመልስ ስትል የሐጂ ባለቤት አጥሩ ጋ ቆማ «ሳህኑን ዛሬ ከመለስሽው አንቺን አላውቅሽም» ትላታለች። ሳህኑ ሳምንት እኛ ቤት ይሰነብታል፤ አያቴ ባለፈች ባገደመች ቁጥር በክፉ ዓይን ታየዋለች።

ይፋት እንዲህ ነው። ክርስቲያኑ፣ ሙስሊሙ፣ አርጎባው፣ ግመልና ፍየል እየነዳ ከበረሃ የሚወጣው አፋር አንድ ገበያ ላይ ነው የሚውሉት። ደጋና ቆላውም እርስ በርሱ ይፈላለጋል። ለጸሎተ ሐሙስ ጉልባን የምንቀቅለው ባቄላ እኛ ጋ አይበቅልም፤ ከደብረ ሲና በላይ ካለው ደጋ ይወርዳል። እኛ ማሽላና ሽንኩርት እንሰጣለን። አያቴ ለባቄላው ዋጋ ስትከራከር እንኳ ሻጩን ደገኛ «ብርዳም» ብላ ትሰድበውና ውኃ ታጠጣዋለች።

ጸሎተ ሐሙስን ካነሣሁ ላይቀር ነገሩን ላውጋው። ሰሙነ ሕማማት ዝም ያለ ሳምንት ነው። ይሁዳ በመሳም አሳልፎ ሰጥቷልና መሳሳም የለም፤ እጅ መጨባበጥ የለም፤ ካህን መስቀል አያሳልምም። ሰው ለሰው አንገቱን ብቻ ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። ወለሉ ላይ ስግደት ነው፤ በቆላ ሙቀት ነጠላው ጀርባ ላይ ይጣበቃል፤ ሽማግሌው፣ ወጣቱ፣ ባለሱቁ፣ የቀን ሠራተኛው እኩል ግንባራቸው አቧራ ይነካል። በዚህ ሁሉ መካከል ሐሙስ ይመጣል። ውኃ በሳፋ ይቀርባል፣ ጸሎት ይደረስበታል፤ ካህኑ ወገባቸውን በነጭ ጨርቅ ታጥቀው በወይራና በወይን ቅጠል የሕዝቡን እግር ያጥባሉ። ሳምንቱን ሙሉ እጅ መንካት የተከለከለው ሰው እግሩን ይያዛል። ይህን ሥርዓት ያበጀ ሰው ስለ ሰው ልጅ ብዙ ያውቅ ነበር ብዬ አስባለሁ። እጃችንን ማን እንደሚነካው መምረጥ እንወዳለን። እግር ግን የተሰነጠቀው ተረከዝ፣ የጠቆረው ጥፍር፣ የተደበቀው ሁሉ ያለበት ነው፤ ያን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ዝም ብሎ መቀመጥ ይከብዳል።

አያቴን በጣም ይከብዳት ነበር። ስግደቱን ከማንም በፊት ትጀምራለች፣ ከማንም በኋላ ትጨርሳለች። ሳፋው ብቅ ሲል ግን ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ እያለች ከሴቶች መካከል ትሹለከለካለች፤ ጉልባኑን አይታ የምትመለስ አስመስላ ትወጣለች። ቄሱ ሲደጋገምባቸው አንድ ቀን በር ላይ ጠበቋትና «እማሆይ ጴጥሮስ፣ ዛሬም አመለጡኝ?» አሏት። ጴጥሮስ ጌታው እግሩን ሊያጥብ ሲቀርበው እንዴት ተደርጎ ብሎ እንደ ተከላከለ፣ ካላጠብሁህ ከእኔ ጋር ዕድል የለህም ሲባል ደግሞ ያኔ እጄንም ራሴንም ጨምርልኝ እንዳለ በዮሐንስ ወንጌል የሚነበብ ነው። አያቴ ሣቀች፤ ቀጥላም «አባቴ፣ እርስዎ ቅስና ያለብዎ ሰው የእኔን የገበሬ እግር ይዘው ሲንበረከኩ ማየት ያሳፍረኛል» አለቻቸው። ትሕትና ይመስላል። ለብዙ ዓመት እኔም መስሎኝ ነበር።

አድጌ አዲስ አበባ ሥራ ከያዝሁ በኋላ ነው፤ በ2005 ዓ.ም. አዲስ የተመረጡት የሮማው ጳጳስ ፍራንቸስኮስ የሐሙሱን እግር ማጠብ ወደ ማረሚያ ቤት መውሰዳቸውን ሰማሁ። እዚያው ሮም ውስጥ የታሰሩ 12 ወጣቶችን እግር አጠቡ፤ ሴቶችም ሙስሊሞችም ነበሩባቸው። ይህ ለእኛ ከተማ የሚሆን ወሬ ነው ብዬ ለፋሲካ ስሄድ ለአያቴ አወራኋት። ጥሩ ነው አለች። ጥቂት አሰበችና «እናቶቻቸውንስ ማን አጠበ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ እሷም መልስ አልጠበቀችም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት ለይፋት ክፉ ነበሩ። በ2013 ሚያዝያ ዐቢይ ጾምና ረመዳን ባንድነት እየተጾሙ ጎረቤት ከተማችን አጣዬ ነደደች፤ እሳቱ በእኛም በኩል ሳይነካን አላለፈም። በ2014 ኅዳር ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ራሱ ከተማችን ደረሰ። የነቢያት ጾም የሚገባው ኅዳር 15 ነው። የዚያን ዓመት ጾሙ የገባው ሰው በመንገድ ላይ እያለ ነው። ማሽላው ለአጨዳ ደርሶ ቆሟል፤ የግሪሳ ወፍ ጠባቂ ከማማው ወርዶ ወንጭፉን ጥሎ ሄዷል። አያቴ ሰማንያ ዓመት አልፏታል፤ ከአክስቴ ጋር ሰው እንደ እህል በተጫነበት አይሱዙ ላይ ወጥታ የጣርማ በርን ዳገት ተያያዘችው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር እንኳ በቅጡ አትሞላም፤ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ታልፋለች። በኅዳር ውርጭ ያን ሁሉ ሽቅብ የወጡት በነጠላ ጫማና በስስ ነጠላ ነው።

ኋላ ተከታትዬ ደብረ ብርሃን ስደርስ አያቴን ያገኘኋት ከዚያ በፊት አይታት በማታውቃት አንዲት ሴት ቤት ነው። ሴትዮዋ ጠላ ሸጣ ልጆች የምታሳድግ ናት፤ ከአንድ ክፍል ቤቷ የሚሻለውን ጥግ ለቃላቸዋለች። የዚያን ከተማ ስም ያስጠራው ወፍራም ብርድ ልብስ በአያቴ ላይ ሁለት እጥፍ ተደርቧል። የመጀመሪያውን ሌሊት የነገረችኝ አክስቴ ናት። ሴትዮዋ ኩበት አያይዛ ውኃ አሞቀች፤ ሳፋ አምጥታ አያቴ ፊት ተንበረከከች። አያቴ እግሯን ሰበሰበች። «ተይ ልጄ፣ እኔ እታጠባለሁ።» ሴትዮዋ ቀና ብላ «እማማ፣ እርስዎ ቤት ስመጣ እርስዎ ያጥቡኛል፤ ይሄ የእኔ ቤት ነው» አለቻት። መድረሻ የለም። ሾልኮ የሚወጣበት በር ቢኖር እንኳ ውጭው ውርጭ ነው። እግሯን ሰጠች።

እኔ ስደርስ ስለዚህ ምንም አላነሣችም። ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ፣ ያልተኛሁ መሆኔን እንዴት እንዳወቀች እንጃ፣ በጨለማው ውስጥ «ለካስ እንዲህ ነበር የሚጨንቃቸው» አለች። «እነማን?» አልኋት። «እነዚያ ጠያቂዎቹ። እጃቸው ላይ ምንም የለ፤ የሚመልሱት ነገር የለ። ሽንኩርቱን እንኳ ከለከልኋት።»

ያቺን አንዲት ኪሎ ሽንኩርት ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ታስታውሳታለች። ለካ እነዚያ ሴቶች ያለቅሱ የነበረው በደስታ ብቻ አልነበረም። ልጅዋ የታሰረባት እናት ከቤቷ ስትወጣ ጀምሮ እየተለመነች ሳይሆን እየለመነች ነው የምትሄደው፤ ዘቡን፣ ተረኛውን፣ ሾፌሩን። የቀረቻት ክብር ያቺ ድስትና ያቺ ኪሎ ሽንኩርት ናት። ሰጪ ሆኖ ዝቅ ማለት ይቻላል፤ አያቴ ዕድሜዋን ሙሉ ስትንበረከክ ኖራለች። ግን የሚያጥብ ሰው ተንበርክኮም ቢሆን የቤቱ ጌታ ነው፤ የሚታጠበው ነው የሰው እጅ ላይ የወደቀው። በገና የምናመሰግነው አምላክ ደግሞ በመጀመሪያ የመጣው እንደ ተቀባይ ነው። በሰው በረት ተኝቶ፣ በሰው ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ የእናቱን ጡት እየለመነ። ስለ ልደት ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ ይህን ያህል የገባኝ ግን ያን ሌሊት ኩበት በሚጨስበት ቤት ነው።

መንግሥት ሸዋ ሮቢትን መልሶ መያዙን ያስታወቀው ኅዳር 22 ነበር። አያቴ ታኅሣሥ እስኪጋመስ ጠብቃ ወረደች። በሩ ተገንጥሏል፤ ድስቶቹ የሉም፤ ሳፋውም የለም። የማሽላውን ገሚስ ግሪሳው ጨርሶታል። ድመቷ ግን ቆጥ ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻት፤ አያቴ ለቤቱ ያላለቀሰችውን ለድመቷ አለቀሰች። ሐጂ ቤቶችም በዚያው ሰሞን ተመለሱ። የግድግዳው አንድ ጎን ፈርሶ ሁለቱ ቤት ወለል ብሎ ይተያያል።

የዚያ ዓመት ገና ታኅሣሥ 29 አርብ ዋለ። እኛ ቤት ያደረ ጠያቂ አልነበረም፤ አውቶቡሱም እንደ ወትሮው አይደለም። ሌሊቱን ቅዳሴ ቆመን ነጋ። ቄሱ ስለ በረቱ አስተማሩ። ወደ ቤት ስንመለስ የተለመደችዋን ነገር ትል እንደሆነ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። አላለችም። ስለ ጉልበቷ እያማረረች መንገዱን ጨረሰች።

ዶሮው አንድ ነው፤ እሱም ከገበያ በብድር የተገኘ። የሐጂ ባለቤት በፈረሰው ግድግዳ በኩል የማሽላ እንጀራ በሰፌድ ይዛ ገባች፤ እኛ ምጣድ አልነበረንምና። ከደብረ ብርሃን ያቺ ሴት በሾፌር እጅ ባቄላ ልካለች፤ ከላዩ ላይ በጨርቅ የታሰረ በርበሬ አለ። አያቴ ሁሉንም አንድ ላይ አስቀምጣ ስታመሰግን ረዘመችብን። ወትሮ ምስጋናዋ አጭር ነበር፤ እንግዳ ስለ ሰጠኸኝ ተመስገን ብላ ትቆርሳለች። ያን ቀን ስለ ባቄላው፣ ስለ በርበሬው፣ ስለ ማሽላ እንጀራው፣ ስለ አይሱዙው ሾፌር፣ ስለ ኩበቱ ጭስ፣ ስለ ድመቷ አንድ ባንድ አመሰገነች። የሐጂ ባለቤት በየመካከሉ «አሚን» ትላለች። ልጆቹ ወጡ ቀዘቀዘ ብለው አጉረመረሙ፤ በእውነትም ቀዝቅዞ ነበር። እግዚአብሔር በመካከላችን አለ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ብጠየቅ ያን የቀዘቀዘ ወጥ ነው የማነሣው፤ ሌላ የማውቀው የለኝም። እሷ ለተቀበለችው ነገር ሁሉ ሳህን መልሳ ለመሙላት አልቸኮለችም። የሐጂ ቤት ሰፌድ እስከ ጥምቀት ድረስ ግድግዳችን ላይ ተሰቅሎ ቆየ።

አያቴ ተለወጠች ብዬ አልዋሽም። በቀጣዩ ጸሎተ ሐሙስ ጉልበቷን ሰበብ አድርጋ ቤት ቀረች፤ ቄሱም ያመኗት አይመስለኝም። ለውጡን ያየሁት መንገዱ ተከፍቶ ጠያቂዎች መምጣት ሲጀምሩ ነው። ለአንድ ፋሲካ ዋዜማ ስደርስ አንዲት ከአዲስ አበባ የመጣች እናት የአያቴን ምድጃ ይዛ ቡና ትቆላለች፤ ሌላዋ ጓዳ ገብታ ሽንኩርት ትከትፋለች። አያቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ እግሯን ዘርግታ ታዛለች። የቤቱ ሕግ ተሽሮ ማየቴ ስላስደነገጠኝ በጆሮዋ «እንግዳ እቃ ያነሣል እንዴ?» አልኋት።

«ምን ላድርግ፣ ጉልበቴን አሞኛል» አለች። እንግዳዋ ሲኒውን ስትሰጣት በሁለት እጇ ተቀበለች፤ «ልጅሽን እግዚአብሔር ያውጣልሽ» ብላ መረቀቻት፤ አንድ ጊዜ ፉት አለችና «ቀጥኗል፤ የሁለተኛውን ወፈር አድርጊው» አለቻት። ሴትዮዋ ሣቀች። እኔ ከደረስሁ ጀምሮ ስትሥቅ ያየኋት ያኔ ነው።